የጠገራ ብር ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?
በሳንቲም ላይ ኋላ የተመቱ ምልክቶችን የማንበብ ጥበብ

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ በሠርግና በበዓል ቀን ያጌጡ እናቶችን ያስተዋለ ሰው በአንገታቸው ላይ ትልልቅ ክብ የብር ሳንቲሞች ሳያይ አይቀርም። ሳንቲሙ በአንድ ገጹ ሻሽ የተከናነበች ሴት፣ በሌላው ገጹ ባለ ሁለት ራስ ንሥር ተቀርጾበታል። አያቶቻችን «ጠገራ ብር» ይሉታል፤ «ማርትሬዛ» የሚሉትም አሉ። በንሥሩ ዙሪያ ከተጻፉት የላቲን ፊደላት መጨረሻ አንድ ቁጥር ይገኛል፤ 1780 ይላል። ሌላ ጠገራ ብር ብታነሡ ያም 1780 ይላል። አሥር ብታነሡ አሥሩም፣ መቶ ብታነሡ መቶውም የሚሉት 1780 ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ሁሉ ሳንቲሞች በአንድ ዓመት ተሠርተዋልን? አልተሠሩም። እንግዲያው በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት የማይታመን ከሆነ፣ እውነተኛ ዕድሜውን በምን እናውቃለን?

ይህ ጥያቄ ለእኔ የቀረበልኝ በጉባኤ ላይ ሳይሆን በዘመድ ቤት ነው። ከሚሴ ወደሚኖሩት አክስቴ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ የልጃቸው ሠርግ ተቃርቦ ነበር። አክስቴ ከእናታቸው የወረሱት ስድስት ጠገራ ብር ያለበት የአንገት ጌጥ አላቸው። ከስድስቱ ሦስቱ ተነቅለው ለአንጥረኛ እንዲሰጡና ቀልጠው ለሙሽራዋ አምባር እንዲሆኑ ተመክሮበታል። አክስቴ ጌጡን ከሳጥን አውጥተው ከፊቴ አኖሩና «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ከነዚህ አሮጌው የቱ ነው? እሱን እሳት አላስነካውም» አሉኝ።

ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እየገለበጥሁ አየሁ። ስድስቱም 1780 ይላሉ። የፊዚክስ ዶክትሬቴ በዚያች ሰዓት ምንም አልረዳኝም። «አክስቴ፣ አንድ ሌሊት ይስጡኝ» አልኋቸው። ከዚህ በታች የምንመለከተው ያን ሌሊት የተጠቀምሁበትን ዘዴና ዘዴው የተፈተነባቸውን ጥንታዊ ምሳሌዎች ነው።

ሁሉም 1780 የሚሉት ለምንድን ነው?

በሳንቲሙ ላይ የምትታየው ሴት የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ናት። ሻሹ የሐዘን ልብስ ነው፤ ባሏ ፍራንዝ እ.ኤ.አ. በ1765 ከሞተ በኋላ የመበለት ሻሽ እንዳደረገች በሳንቲሞቿ ላይ ተቀረጸች። እርሷም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ዐረፈች። ከምስሏ ግርጌ የሚገኙት ሁለቱ የላቲን ፊደላት፣ «ኤስ» እና «ኤፍ»፣ በደቡብ ጀርመን የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ኃላፊዎች የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስሞች መነሻ ናቸው።

በተለመደው አሠራር ንጉሥ ሲሞት ሳንቲሙም ይለወጣል። ይህኛው ግን አልተለወጠም፤ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ ገንዘቡን አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ቪየናና ሌሎች ማተሚያ ቤቶች ያንኑ መልክ፣ ያንኑ ዓመት እየደገሙ መምታቱን ቀጠሉ። የሳንቲሙ ሕጋዊ ገንዘብነት በኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1858 ሲያበቃ በእኛ ሀገር ግን ገና መስፋፋት ላይ ነበር። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት ለስንቁና ለጭነቱ የሚከፍለው በሚሊዮን የሚቆጠር ጠገራ ብር ይዞ ነው የመጣው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በራሳቸው ምስልና በአንበሳ ያጌጠ ብር በፓሪስ ሲያስመቱ ክብደቱን ከጠገራ ብር ጋር እንዲስተካከል አደረጉት። እንዲያም ሆኖ ጠገራው ወዲያው ከገበያ አልወጣም። ጣሊያኖችም እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ቅኝ ግዛታቸው ጠገራውን የሚመስል ሳንቲም አስመትተው ነበር፤ ገበያው ግን አልተቀበላቸውም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር በተሰናዳበት በ1935 (እ.ኤ.አ.) የመምታቱን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ በሮማ ማስመታት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ፓሪስ፣ ለንደንና ብራስልስ እኛስ ለምን ይቅርብን ብለው ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ደግሞ ቦምቤይ ታከለች። በመጨረሻም በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ የጠገራ ብር ሕጋዊነት አከተመ። ቪየና ግን ለሰብሳቢዎች ዛሬም ትመታዋለች።

እንግዲህ 1780 የሚለው ቁጥር የልደት ቀን አይደለም፤ የንግድ ምልክት ነው። የዕድሜው ማስረጃ ከሌላ ስፍራ መፈለግ አለበት።

የሮማ ወታደሮች መምቻ

ሳንቲም ራሱ የማይናገረውን ዕድሜ ከምልክቶቹ የማውጣት ዘዴ በሰፊው የተፈተነው በጥንታዊት ሮማ ሳንቲሞች ላይ ነው። እነዚያ ሳንቲሞች ገበያ ላይ ብዙ ዘመን ይቆዩ ስለነበር፣ አንዳንድ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ወይም የጦር አዛዥ በትንሽ የብረት መምቻ ሌላ ምልክት ያሳርፍባቸው ነበር። ይህን በኋላ የተመታ ምልክት በዚህ ጽሑፍ «ዳግም ማኅተም» እንለዋለን። የሚመታበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። ያለቀ ሳንቲም አሁንም እንዲሠራ ማጽደቅ፣ የባዕድ ሳንቲም በሀገር ውስጥ እንዲዘዋወር መፍቀድ፣ ዋጋውን መለወጥ፣ ወይም ለወታደር የተከፈለ መሆኑን ማሳወቅ ሊሆን ይችላል።

ለትምህርት በጀርመን ሳለሁ በሰሜን ምዕራብ የሀገሪቱ ክፍል ወደሚገኘው የካልክሪዘ ሙዚየም ሄጄ ነበር። በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሮማ ሳንቲሞችና የጦር መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ከሳንቲሞቹ መካከል በሉግዱኑም፣ ማለት በዛሬዋ የፈረንሳይ ከተማ በሊዮን፣ የተመቱ የመዳብ ሳንቲሞች አሉ። በአንዳንዶቹ ላይ «ቪ»፣ «ኤ» እና «አር» የተሰኙ ሦስት የላቲን ፊደላት ተጋጥመው በአራት ማዕዘን ውስጥ ተመትተዋል። ፊደላቱ የጦር አዛዡ የቫሩስ ስም መነሻ ናቸው። ቫሩስ የጀርማኒያ አዛዥ የሆነው በ7 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን በ9 ደግሞ ከሦስት ሌጊዮን ጦር ጋር በጫካ ውስጥ ተከቦ አለቀ። ስለዚህ ምልክቱ ሊመታ የሚችለው በነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ብቻ ነው። አንድ የጥፍር ስፋት የማያህል ምልክት የሁለት ሺህ ዓመት ርቀትን ዘልሎ በሁለትና በሦስት ዓመት ልዩነት ዕድሜን ሲናገር ማየት ለፊዚክስ ተማሪ የሚያስቀና ነገር ነው። ብዙዎቹ የላቦራቶሪ መሣሪያዎቻችን ይህን ያህል አይጠሩም።

ምልክት ስለ ቦታም ይናገራል። አሥረኛው የፍሬቴንሲስ ሌጊዮን ከኢየሩሳሌም ጥፋት፣ ማለት ከ70 (እ.ኤ.አ.) በኋላ፣ በዚያች ከተማ ሰፈረ። የሌጊዮኑ ቁጥርና የስሙ መነሻ፣ እንዲሁም ዓርማዎቹ የዱር አሳማና መርከብ፣ በሳንቲሞች ላይ ተመትተው ይገኛሉ። ሳንቲሙ በሌላ ከተማ የተሠራ ቢሆንም እንኳ በማን እጅ እንዳለፈ ማኅተሙ ይመሰክራል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አራት ሕጎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ዳግም ማኅተም ካረፈበት ሳንቲም ሊቀድም አይችልም። አንድ ዓይነት ማኅተም በብዙ ሳንቲሞች ላይ ከተገኘ፣ ከሁሉም የቅርብ ጊዜ በሆነው ሳንቲም መለካት አለበት። ሁለተኛ፣ ሳንቲሙ ከተቀበረ በኋላ የሚመታው የለም፤ ስለሆነም የመቀበሪያው ዘመን የመጨረሻው ወሰን ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት ምልክቶች ቢነካኩ፣ ሌላውን የቆረጠው ወይም የሸፈነው ኋለኛው ነው። አራተኛ፣ የሳንቲሙ መልክ አልቆ ማኅተሙ ግን ስል ከሆነ፣ ሳንቲሙ ከመመታቱ በፊት ብዙ ዘመን ሠርቷል፤ ሁለቱም እኩል ካለቁ ደግሞ ማኅተሙ ገና በጊዜ የተመታ ነው።

ከገንዘብነት ወደ ጌጥነት

ሁለተኛውን ሕግ የሚያስረዳ ምሳሌ በቅርባችን አለ። በዛሬይቱ ኤርትራ በመጠራ የአክሱም ዘመን ፍርስራሽ ውስጥ ፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ፍራንሲስ አንፍሬ በነሐስ ዕቃ የተቀመጠ የወርቅ ጌጥ አግኝተዋል። በውስጡ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ምእተ ዓመት የሆኑ 14 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። ሳንቲሞቹ ማንጠልጠያ ተበይዶላቸው የአንገት ጌጥ ሆነዋል። አብረዋቸው ግን መስቀሎች ተገኝተዋል። መስቀል የአክሱም መንግሥት በአራተኛው ምእተ ዓመት ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ የመጣ ምልክት በመሆኑ፣ ክምችቱ ከሳንቲሞቹ ይልቅ በእጅጉ የቅርብ ጊዜ መሆኑ ይታወቃል። ሳንቲሞቹን ብቻ ያየ ሰው ግን በመቶ ዓመታት ይሳሳት ነበር።

እዚህ ላይ ማንጠልጠያው ራሱ እንደ ዳግም ማኅተም ይቆጠራል። «ይህ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ሆነ» የሚል ምልክት ነውና። በከሚሴ እናቶች አንገት ላይ ያለው ጠገራ ብርም የሄደው በዚያው መንገድ ነው።

በጠገራ ብር ላይ የተመቱ ማኅተሞች

ጠገራ ብር በተዘዋወረበት ሀገር ሁሉ መምቻ ሳያገኘው አልቀረም። በፖርቱጋል ሥር በነበረችው ሞዛምቢክ በ19ኛው ምእተ ዓመት መገባደጃ ዘውድ ከ«ፒ» እና ከ«ኤም» ፊደላት ጋር ተመትቶበታል። በዓረብ ልሳነ ምድር ደግሞ «ሒጃዝ» እና «ነጅድ» የሚሉ የዐረብኛ ቃላት የተመቱባቸው ጠገራ ብሮች አሉ። በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማኅተም ያለበት ሳንቲም ከሌለበት ይልቅ በሰብሳቢዎች ዘንድ ስለሚወደድ፣ ለመሸጥ ሲባል በቅርቡ የተመቱ የሐሰት ማኅተሞች በገበያ ላይ ሞልተዋል። አራተኛው ሕግ እዚህ ይጠቅመናል። የቆየ የተባለ ማኅተም ጠርዙ ስል፣ በጉድጓዱ ውስጥም የሳንቲሙን ገጽ ያጠቆረው ዝገት የሌለበት ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሌላም ምልክት አለ። በመምቻ ሲመታ ብሩ ወደ ጎንና ወደ ታች ስለሚገፋ፣ በተቃራኒው ገጽ ልክ ከማኅተሙ ጀርባ ያለው ቅርጽ ይጨፈለቃል።

ማኅተም የሌለበት ጠገራ ብር ቢሆንስ? የሚነበብ ነገር አይጠፋም። ማተሚያ ቤቶቹ አንድ ዓይነት መልክ ቢቀርጹም ብረቱን የሚቀርጸው እጅ አንድ አልነበረም። በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ቅርጽ፣ የዕንቁዎቹ ቁጥር፣ የንሥሩ የጅራት ላባዎች አደራደር፣ የፊደላቱ ርቀት ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ይለያያል። ተመራማሪዎች እነዚህን ልዩነቶች እየመዘገቡ ሳንቲሞቹን በየማተሚያ ቤታቸውና በየዘመናቸው መድበዋል። የሚገርመው፣ የእኛ ነጋዴዎች ከተመራማሪዎቹ ቀድመው ይህን ሲሠሩ መኖራቸው ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት የመጡ ተጓዦች፣ ሻጩ ሳንቲሙን ከመቀበሉ በፊት በጌጡ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እንደሚቆጥርና ፊደላቱ መጥራታቸውን እንደሚያይ ጽፈዋል። ከደጋ የወረደው ገበሬና ከቆላ የመጣው የአፋር አርብቶ አደር በሚገናኙበት እንደ ባቲ ባለ የሰኞ ገበያ፣ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል መተማመኛው ይኸው ቆጠራ ነበር።

እንዲህ ያለው ልዩነት የቤተሰብን ታሪክም ይፈትናል። አንድ ጠገራ ብር በሮማ የተመታ ሆኖ ከተገኘ ከ1935 (እ.ኤ.አ.) በፊት ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ ከዚያ ቀደም ብላ ለተዳረች ሴት መህር ሆኖ የተሰጠ ነው ቢባል፣ ወይ ሳንቲሙ ኋላ ተለውጧል ወይ ታሪኩ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ሚዛን፣ ክርና አንድ ኩባያ ውኃ

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ ስድስተኛው በአመዛኙ መዳብ ነው። የንጹሕ ብር እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10.49 ግራም፣ የመዳብ 8.96 ግራም ነው። ሁለቱ በተጠቀሰው መጠን ሲደባለቁ እፍጋቱ 10.2 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን ራሳችሁ አስልታችሁ አረጋግጡ። ማስጠንቀቂያ፦ የሚደመሩት ይዘቶቹ እንጂ እፍጋቶቹ አይደሉም።

የሳንቲሙን ይዘት ለማግኘት አርኪሜድስ ያስተማረን ይበቃል። እስከ አንድ መቶኛ ግራም የሚለይ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ኩባያ አኑሩና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ የኩባያውን ግድግዳና ወለል ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም ከሳንቲሙ ይዘት ጋር በቁጥር እኩል ነው። ለትክክለኛ ጠገራ ብር 2.75 ገደማ ይመጣል። ክብደቱ እኩል ሆኖ ከነሐስ የተሠራ ቢሆን ግን 3.3 ያህል ያሳያል። ግማሹ ብር፣ ግማሹ መዳብ ከሆነ 2.9 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለሚዛኑ ግልጽ ነው። በሳንቲሙ ላይ የተጣበቀች የአየር አረፋ ግን ውጤቱን ታዛባለች። እርሳስን ከሌላ ብረት ጋር በብልሃት የደባለቀ አጭበርባሪም የብርን እፍጋት ሊያስመስል ስለሚችል፣ ይህ ፈተና ሐሰተኛውን ይጥላል እንጂ ለትክክለኛነት ብቻውን ምስክር አይሆንም።

በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ደግሞ የኤክስ ሬይ መሣሪያ አለ። ሳንቲሙ በኤክስ ሬይ ሲመታ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ጨረር መልሶ ይሰጣል፤ የመዳብ ዋና ጨረር 8 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ የብር 22 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ሳንቲሙ ሳይጎዳ ምን ያህል ብር እንዳለው ይታወቃል ማለት ነው። ሆኖም መሣሪያው የሚያየው ቀጭኑን ላይኛ ሽፋን ብቻ ነው። በዘመን ብዛት መዳቡ ቀድሞ ስለሚዝግና ስለሚታጠብ ላይኛው ገጽ ከውስጡ ይልቅ ብር የበዛበት ይሆናል። መሣሪያውን ብቻ ያመነ ሰው ሳንቲሙን ከእውነተኛው በላይ ንጹሕ አድርጎ ይቈጥረዋል። ውኃውና ኩባያው ግን ውስጡንም ይለካሉ።

የማለቅ መጠንም ይሰላል። የሳንቲሙ ዲያሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ የሁለቱ ገጾች ስፋት 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ሳንቲሙ ግማሽ ግራም ቢያጣ፣ ከሁለቱም ገጽ በአማካይ የተፋቀው የሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ ብቻ ነው። ይሁንና የሚፋቀው ከፍ ያለው ክፍል በመሆኑ፣ የሴትዮዋ ጉንጭና የንሥሩ ደረት ቀድመው ይለሰልሳሉ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ ሳንቲም በሁለቱም ገጽ ያልቃል። በአንገት ላይ የኖረ ግን ልብስና ገላ የሚነካው ጀርባው ይበልጥ ያልቃል፤ የማንጠልጠያው ቀዳዳም ወደ ላይ ይሞላለጣል።

ያች ሌሊት በከሚሴ

ከመኪናዬ ውስጥ ለተማሪዎች ማሳያ የያዝሁት ትንሽ ሚዛን ነበር። ኩባያና ክር ከአክስቴ ቤት ተገኘ። ስድስቱን ሳንቲሞች አንድ በአንድ መዘንሁ፤ በሁለቱም ገጽና በጠርዛቸው ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አነሣኋቸው።

የአምስቱ እፍጋት በ10.1 እና በ10.2 መካከል ወጣ። ማንጠልጠያ ስለተበየደባቸው ክብደታቸውን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም ነበር፤ እፍጋቱ ግን ብር መሆናቸውን የሚደግፍ ነው። ስድስተኛው፣ በጌጡ መካከል የሚውለውና ከሁሉም የሚያብረቀርቀው፣ 25.4 ግራም መዝኖ ይዘቱ 2.95 ሆነ። እፍጋቱ 8.6 ነው፤ ነሐስ ማለት ነው። በጠርዙ ላይ መኖር የሚገባው የላቲን ጽሕፈትም የለም። በማጉያ መነጽር ስመለከተው ሽፋኑ በተፋቀበት በንሥሩ ደረት ላይ ቢጫ ቀለም ይታያል።

ከአምስቱ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ በሞረድ የተከፈተች ትንሽ ጭረት አለች። አንድ ነጋዴ ወይም አንጥረኛ ውስጡ መዳብ እንዳይሆን የፈተነበት ነው። የጭረቷ ከንፈሮች እንደ ሳንቲሙ ጠርዝ ሁሉ ለስልሰዋል፤ ስለዚህ ከተፈተነ በኋላም በገበያ ብዙ ሠርቷል። የማንጠልጠያው ብየዳ የጭረቷን አንድ ጫፍ ሸፍኖታል። በሦስተኛው ሕግ መሠረት ፈተናው ቀደመ፣ ጌጥነቱ ተከተለ። መዳፍ ላይ ያረፈ አንድ ሳንቲም መጀመሪያ ገንዘብ፣ ቀጥሎ ተጠርጣሪ፣ ከዚያ እንደገና ታማኝ ገንዘብ፣ በመጨረሻም ጌጥ እንደነበረ ከአንዲት ጭረት ተነበበ። ፊትና ጀርባውም እኩል አልቀዋል። የሌሎቹ አራት ጀርባ ግን ከፊታቸው ይልቅ ልስልስ ነው፤ ከገበያ ይልቅ በአንገት ላይ ብዙ ኖረዋል።

በማግስቱ ጠዋት ለአክስቴ ምን ልንገራቸው? የትኛው ቀድሞ እንደተመታ ጭረትም ሆነ ሚዛን አይናገርም፤ የትኛው ብዙ እንደሠራ ግን ይናገራሉ። ይህን መንገር ቀላል ነው። የሚከብደው የስድስተኛው ነገር ነበር። ያ ሳንቲም እናታቸው በሠርጋቸው ቀን በገዛ እጃቸው ያሰሩላቸው ነው። ዝም ብዬ ብተወው ደግሞ አንጥረኛው እሳት ላይ ሲያኖረው በሰው ፊት ይገለጣል። ስለዚህ ነገርኋቸው።

አክስቴ ሳንቲሙን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩት። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እናቴም አላወቀችም» አሉ። ቀጥለው «እንግዲያው ይኼ የሚቀልጥም የሚሸጥም አይደል፤ ለኔ ይቅር። ያን የሠራውን ሽማግሌም ተዉልኝ። ከቀሩት ሦስቱን ውሰዱ» አሉ።

ሦስቱ ቀለጡ። ከነርሱ የወጣው አምባር ቆንጆ ነው፤ ሙሽራዋም ደምቃበታለች። ሆኖም ከሦስቱ የአንዱ ንሥር የላባ አደራደር ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር፤ ዛሬ ያ ልዩነት የሚገኘው በፎቶግራፎቼ ውስጥ ብቻ ነው። ብር ሲቀልጥ ክብደቱ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ምልክቱ ነው። እሳት ትክክለኛውን ብር ስለሚፈልግ፣ ሐሰተኛው ሳንቲም ተርፎ እውነተኞቹ ሄዱ።

ተማሪዎች ምን ማድረግ ይችላሉ?

አንጥረኛ ብርን ማቅለጡ ነውር አይደለም። ጠገራ ብር በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ የመስቀልና የአምባር ጥሬ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ባለቤቶቹም በንብረታቸው የማዘዝ መብት አላቸው። ከእኛ የሚጠበቀው ከእሳቱ ቀድሞ መመዝገብ ነው። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

በቤታችሁ ወይም በዘመድ ዘንድ ጠገራ ብር ካለ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ከማስመሪያ ጋር፣ ብርሃን ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፤ የጎን ብርሃን ጥልቀት የሌለውን ምልክት በጥላው ያወጣዋል። መዝኑት፤ የሚቻል ከሆነ በውኃም ለኩት። ቀዳዳውን፣ ብየዳውን፣ ጭረቱን፣ የትኛው በየትኛው ላይ እንዳረፈ ጻፉ። ከማን ለማን፣ በምን ምክንያት እንደተላለፈ ባለቤቱ የሚናገሩትን በራሳቸው ቃል መዝግቡ። በአመድም ሆነ በሎሚ አታጽዱት፤ የሚያጸዳው ነገር ማስረጃውንም ይወስዳል። የባለቤቱን ስምና አድራሻ ለማንም አታውጡ፤ ብር ያለበት ቤት መታወቁ ለባለቤቱ አደጋ ነው።

ይህን በከሚሴ፣ በባቲ ወይም በሰንበቴ የሚኖር አንድ ተማሪ በአንድ የዕረፍት ወራት ሊጀምረው ይችላል። ሃያ ሳንቲሞች በወጉ ቢመዘገቡ የላባዎቹን አደራደር ጎን ለጎን ማነጻጸር ይቻላል፤ ያን ጊዜ የትኛው ከየትኛው ማተሚያ ቤት እንደመጣ ማውጣት ይጀመራል። አክስቴ የጠየቁኝን ጥያቄ በሙሉ ለመመለስ የጎደለኝ ይኸው ማነጻጸሪያ ነበር። ሦስቱ የቀሩት ሳንቲሞች ዛሬም በሳጥናቸው ውስጥ ናቸው፤ መልሱን እየጠበቁ ነው።